ጠብቂ የተባለች መቺ

ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
መስከረም 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ይፍሩ፣
ቦሎኛ

ጋሼ፣ በጌታ ስም ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ሊሻን ነኝ፤ የኦይታ ልጅ። እርስዎና አባቴ የአክስትና የአጎት ልጆች ናችሁ፤ እሱ ከዶርዜ ወደ ቆላ የወረደው፣ እርስዎ ደግሞ በሽሮ ሜዳ በኩል አድርገው ጣሊያን የገቡት። ለመጨረሻ ጊዜ ያዩኝ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቄ ነው አሉ። አሁን ሠላሳ አራት ሞላኝ። ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ አልፎ አልፎ አሁንም ጠረጴዛ ሥር መግባት ያምረኛል።

ነገሬ እንዲህ ነው። አምና “ከምሠራበት ክለብ” ብለው የላኩት ካርቶን ትምህርት ቤታችን ደርሷል፤ አራት የመምቻ ዱላ፣ እዚህ ሁሉም ባት ነው የሚለው፣ ዘጠኝ ጓንት፣ ሦስት የራስ ቆብና ጥቂት ኳስ። የስፖርት መምህሩ በዚያው ወር ተዛወረ። ዳይሬክተራችን አቶ ሀብተሚካኤል መምህራኑን ሰብስበው ዙሪያውን ሲቃኙ ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ሲጥል እኔ ዘገየሁ፤ በዚህ ምክንያት የሶፍትቦል አሰልጣኝ ሆንኩ። “ካርታ የምታነብ ሰው ሜዳ አያቅታትም” አሉ።

አሥራ አራት ሴት ልጆች አሉኝ፤ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል። ግማሾቹ የሙዝ ግንድ እንደሚጥል ሰው ከላይ ወደ ታች ይቆርጣሉ። የቀሩት ኳሷ ስትመጣ ዓይናቸውን ጨፍነው ነገሩን ለፈጣሪ ይተዋሉ። ከሁሉም የምትለየው ሩሐማ ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከላንቴ በሙዝ መኪና ተሳፍራ ትመጣለች። ሲቀናት ኳሷ ሜዳውን አቋርጣ የጎረቤት ማንጎ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። እንዴት እንደምትመታት እኔ አላውቅም፤ እሷም አታውቅም። ስትስት ደግሞ በራሷ ዙሪያ ዞራ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች።

አባቷ አቶ ጌዲዮን፣ ልጅቷ ስምንተኛን ስትጨርስ ሞያሌ አክስቷ ሱቅ ሊሰዳት ወስኗል። ግንቦት ላይ ግን ሶዶ ከተማ ምርጫ አለ። ሁለት ልጆች ይመረጡና ምግብም፣ ማደሪያም፣ ትምህርትም ያለው የስፖርት አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባሉ። “ከተመረጠች ትማር፤ ካልተመረጠች ሞያሌ” ብሏል አባቷ። የልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ያለው እዚያ ባት ጫፍ ላይ ነው።

እርስዎ ጣሊያን ውስጥ የሶፍትቦል አሰልጣኝ መሆንዎን አባቴ በየለቅሶ ቤቱ ይናገራል። እባክዎ፣ የእነዚህን ልጆች ምት እንዴት እንደማቃና ይጻፉልኝ። በስልክ ሳይሆን በወረቀት ይሁን፤ ለአቶ ሀብተሚካኤል ቴሌግራም ወሬ ነው፣ ፖስታ ግን ሰነድ ነው። ሜዳውን የሚፈቅዱልን ሰነድ ሲያዩ ነው።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
አክባሪዎ ሊሻን ኦይታ


ቦሎኛ
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሥላሴ ስም፤ ለልጄ ለሊሻን።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ከወገብ ሕመም በቀር ደኅና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው። አባትሽ ፕሮቴስታንት ከሆነ ወዲህ ባይነግርሽም ትልቅ በዓል ነው፤ መልአኩ የእሱንም ልጆች አይንቅምና በክንፉ ይከልልሽ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጠረጴዛ ሥር የነበረችው ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ እግሬን ነክሳኛለች።

ስለ ራሴ ሥራ ማውራት አልወድም፤ አባትሽ እንዳለው ይሁን። እዚህ ሜዳ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከእኔ ቀድሞ ሜዳው የሚገባ የለም፤ ከእኔ በኋላም የሚወጣ የለም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ?

ወደ ምቱ ልግባ። አንደኛ፣ መቆረጡ ይቅር። ባት መጥረቢያ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ውሃ በክንድ እንደሚጠረግ፣ በኳሷ ቁመት ልክ ተጋድሞ ይምጣ። ሁለተኛ፣ የኋላው ክርን ከፍ ብሎ ይቆይ፤ እዚህ የሚያምረው አቋቋም ይህ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ግን መጠበቅ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ እዚህ ሜዳ ላይ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፦ ጠብቂ! ኳስ እንግዳ ናት። እንግዳ ደግሞ ደጃፍ ላይ አይመታም፤ እስኪገባ ይጠበቃል። ልጆችሽ የሚስቱት ስለሚቸኩሉ ነው። ያቺ ሩሐማ ያልሻትም በራሷ የምትዞረው ከችኮላ ነው። ጠብቂ በያት።

ለአቶ ሀብተሚካኤል አክብሮቴን አድርሺልኝ። ለአባትሽም ንገሪው፤ በለቅሶ ቤት ባያበዛው።

አጎትሽ ይፍሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ይፍሩ

ጋሼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ጎንበስ ቀና የሚያሰኝ ሥራ እንዳለብዎ አልገመትኩም ነበር።

ደብዳቤዎ በታኅሣሥ መጨረሻ ደረሰ። አቶ ሀብተሚካኤል በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ፣ የሐዘን ማስታወቂያ በሚያነቡበት ድምፅ አነበቡት። ስለ አባቴና ስለ መልአኩ ያለውን አስዘልያቸዋለሁ። ከዚያ ክብ ማኅተም አድርገውበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፉት። ማኅተሙ ያረፈው “ጠብቂ” የሚለው ላይ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቹ ይጠብቃሉ። የመጥረቢያው ነገር ቀርቷል፤ ለዚህ አመሰግናለሁ። ኳስ የሚወረውሩልን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ካሱ ናቸው። ድሮ ወታደር ነበሩ፤ ከታች ወደ ላይ አድርገው ሲወረውሩ ክንዳቸው አንድ ጊዜም አይስትም። እሳቸው ይወረውራሉ፣ ልጆቹ ይጠብቃሉ፣ ኳሷ ታልፋለች፣ ከዚያ ባቱ ይመጣል። ማክሰኞ ዕለት ሩሐማን ጠየቅኳት።

“ምን ሆነሽ ነው?”

“እየጠበቅኩ ነው ቲቸር።”

“እስከ መቼ?”

“ደብዳቤው እስከ መቼ አይልም።”

ጋሽ ካሱም ከወዲያ ጮኹ፦ “ልጄ፣ ኳሷኮ ሶዶ ደርሳ ሻይ ጠጥታ ተመለሰች!”

አሁን ሩሐማ ስትመታ ኳሷ ማንጎው ጋ አትሄድም። ወደ ቀኝ ተጣማ የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ነው የምታርፈው። ከተመታችም ነው። ባለ ወፍጮው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሰድቦኛል። እንደው ጋሼ፣ መጠበቁ አልበዛም? ኳሷ የት ስትደርስ ነው መነሳት ያለባቸው? እርስዎ ለራስዎ ልጆች እንዴት አድርገው ነው የሚያሳዩአቸው?

ሌላም አለ፤ ከእኔ ሳይሆን ከአቶ ሀብተሚካኤል። በግማሽ ዓመቱ ሪፖርት ላይ “በዓለም አቀፍ አሰልጣኝ እየታገዘ” ብለው ስለጻፉ፣ ከቡድንዎ ጋር የተነሱትን አንድ ፎቶግራፍና የክለብዎ ማኅተም ያለበት አንድ ወረቀት ይፈልጋሉ። ለፎቶው ክፈፍ አሠርተዋል። ባዶው ክፈፍ ቢሯቸው ተሰቅሏል።

አክባሪዎ ሊሻን


ቦሎኛ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

በሥላሴ ስም፤ ለልጄ ለሊሻን።

ጾሙ ገብቶ ስለደከምኩ አሳጥሬ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ኳስ በሰው ልኬያለሁ፤ ትንሽ ቢቧጨሩም ይሠራሉ።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው አልተገኘም። ማኅተሙን የምትይዘው ሴትዮ ፈቃድ ላይ ናት።

መጠበቁ በዛ ወይ ላልሽው፣ አልበዛም። ገና በደንብ አልጠበቁ ይሆናል። በርቱ።

ይፍሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ይፍሩ፣

ይህንን ደብዳቤ ከጻፍኩ በኋላ ፎቶ አንስቼ በስልክ ልኬልዎታለሁ። ለማኅተም የሚሆን አይደለም።

ቅዳሜ ዕለት ከጨንቻ ከመጡ ልጆች ጋር ተጫወትን። አሥራ ዘጠኝ ለሁለት ተሸነፍን። ሁለቱም ነጥብ የተገኘው የእነሱ ወርዋሪ፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ስታይ፣ ደንግጣ ነው። አሰልጣኛቸው የእኔ እኩያ ነው። “የውጭ አሰልጣኝ አላችሁ አሉ፤ እኛ እኮ ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየን ነው” አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነበር።

ሩሐማ ለመምታት ሦስት ጊዜ ቆመች፤ ሦስቱንም ጊዜ ባቱን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ሳትመታ ወጣች። አባቷ ከላንቴ በሞተር መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት እንዲህ አላት፦

“ሙዝ እንኳ ንፋስ ሲመጣ ይነቃነቃል። አንቺ ግንድ ነሽ! ለመቆምማ ሞያሌም ይቆማል።”

ልጅቷ አላለቀሰችም። ባቱን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችኝና አባቷ ሞተር ላይ ወጣች።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናገር። ቪዲዮውን እኔም አይቻለሁ፤ ጥር ላይ፣ ሁለተኛውን ደብዳቤ በጻፍኩልዎ ሳምንት። እነዚያ ልጆች ኳሷን ቆመው አይጠብቁም። ወርዋሪዋ ክንዷን ስታነሳ እነሱም አብረው ይነሳሉ። አይቼ ስልኬን ዘጋሁ። የእርስዎ ቃል ማኅተም ተደርጎበት ሰሌዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ የእኔም ፊርማ አለ። “ተሳስተናል” ከማለት ልጆቹ ቢሳሳቱ ቀለለኝ።

ሌላም ደርሼበታለሁ። ረቡዕ ጋሽ ካሱ ሥራ ነበረባቸውና አንዷ ልጅ ወረወረች። ሩሐማ የመጀመሪያዋን ኳስ ማንጎው ውስጥ ከተተቻት። ሐሙስ ጋሽ ካሱ ሲመለሱ እንደ ልማዷ ዘገየች። ጠጋ ብዬ ሁሉንም አየኋቸው። ጋሽ ካሱ ክንዳቸውን ሲያነሱ አሥራ አራቱም አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ በጣም ትንሽ፣ ሽማግሌ አንድ ነገር ሲሰጠን እንደምናደርገው። ትልቅ ሰው የሰጠንን እጃችን ላይ ሳይደርስ አንነጥቅም፤ እንዲህ ነው ያደግነው። ዝቅ ብለው ቀና እስኪሉ ኳሷ አልፋለች። በዚህ ላይ የእርስዎ “ጠብቂ” ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ያስቡት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ስለ ድፍረቴ ይቅርታ። ጋሼ፣ ባት ይዘው ያውቃሉ?

ሊሻን


ቦሎኛ
ሚያዝያ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሊሻን፣

በዚህ ወረቀት ራስጌ የሥላሴን ስም ለመጻፍ እጄ አልደፈረም፤ እንዲሁ ሰላም ልበልሽ። ወረቀት ላይ ዋሽቼ በስልክ መናዘዝ አይሆንልኝም፤ ለፋሲካ አገር ለምትገባ ሸዋነሽ ለምትባል ሴት ሰጥቼልሻለሁ። መዘግየቱ ስንት ቀን እንደሚበላ አውቃለሁ። ሰባቱን ቀን ግን የበላሁት እኔ ነኝ፤ እየጻፍኩ ስቀድ ነበር።

ጥያቄሽ አንድ መስመር ነው፤ መልሱም ከዚያ አይበልጥም፦ ይዤ አላውቅም። ማለቴ መሬት ላይ ሲጣል አንስቼ፣ ጭቃውን ጠርጌ፣ ቦታው መልሼ አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ በቀን ሠላሳ እይዛለሁ።

እኔ የሜዳው ሠራተኛ ነኝ። አፈሩን እደለድላለሁ፣ መስመሩን በነጭ ኖራ አሰምራለሁ፣ መጸዳጃ ቤቱን አጥባለሁ። ከእኔ ቀድሞ የሚገባ የለም ያልኩሽ በሩን የምከፍተው እኔ ስለሆንኩ ነው። ካርቶኑንም ክለቡ ሊጥለው ሲያወጣ ለምኜ የወሰድኩት ነው። አስተውለሽ እንደሆነ አንድም የሐሰት ቃል አልጻፍኩልሽም። እውነተኛ ቃላት እየመረጥኩ ነው የዋሸሁሽ፤ ይህ ደግሞ ጊዜ ወስዶ፣ ታስቦበት የሚሠራ ነገር ነው።

አባትሽ በስልክ “አሰልጣኝ ሆንክ አሉ” ሲለኝ “ኧረ እኔ ምን ሆኜ” አልኩት። እሱ ትሕትና መሰለው። እኔም ትሕትና እንዲመስለው ነበር ያልኩት።

ለምን ትይኝ ይሆናል። ስምንት ዓመቴ ላይ ሽሮ ሜዳ የሸማ ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጥኩ። በሰፈሩ ይፍሩ የሚለኝ አልነበረም፤ “ሸማኔው” ነበር የምባለው፤ ያንን ሲሉ አፋቸው እንዴት እንደሚጣመም አንቺም የምታውቂው ይመስለኛል። እዚህ መጥቼ ደግሞ “አንተ” ሆንኩ። ከሃምሳ ስምንት ዓመት አንዷን ዓመት ሌላ ሰው ብባል ማን ይጎዳል አልኩ። ማን እንደተጎዳ ነገርሽኝ። ግንድ ተባለች ያልሽውን ካነበብኩ ወዲህ መስመሬ ሁሉ ይጣመማል፤ ትናንት ሜዳውን ሁለት ጊዜ ነው ያሰመርኩት።

“ጠብቂ” የሚለውን ደግሞ ስሚ። እዚህ ፓኦላ የምትባል አሰልጣኝ አለች። ቀኑን ሙሉ “ጠብቂ! ጠብቂ!” ብላ ስትጮህ፣ ነጩን ኖራ በእጄ እንደያዝኩ እሰማለሁ፤ የጨዋታው ሕግ መሰለኝ። የአሁኑ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ሄጄ ጠየቅኳት። የምትጮኸው በአንዲት ልጅ ላይ ብቻ ነው፤ ጁሊያ በምትባል፣ ኳሷ ሳትወረወር በምትመታ። ለአንዲት ልጅ የታዘዘውን መድኃኒት ለአሥራ አራት አጠጣኋቸው።

ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ባት አስያዘችኝና ወረወረችልኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ሳትኩ። አሥራ ሁለተኛዋን እግሬ ላይ መታኋት። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ፤ አሁን የምጽፍልሽ የእሷ ነው፣ የእኔ አይደለም።

መቺዋ የምትነሳው ኳሷ ስትደርስ አይደለም፤ ወርዋሪዋ ስትነሳ ነው። የወርዋሪዋ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ የመቺዋ ክብደት ወደ ኋላ እግሯ ይሂድ። ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ የፊት እግሯ መሬት ረግጦ ይጨርስ። ከዚያ ዳሌ ይዞራል፣ እጅ ዳሌን ይከተላል። ክርን ከፍ ይበል ያልኩሽን እርሺው፤ ክርን ወደ ጎን ተጠግቶ ይለፍ። ኳሷን የምታገኛት ከፊት እግሯ ፊት ለፊት ነው። ቀድማ የተነሳች ልጅ እጇን መያዝ ትችላለች፤ የዘገየች ልጅ ግን ምንም ማድረግ አትችልም።

ይህን ስትነግረኝ አንድ ነገር ገባኝ፤ ይህኛው የራሴ ነው። ሸማ ሲሠራ እግር መርገጫውን ሳይረግጥ ድሩ አይከፈትም፤ ድሩ ሳይከፈት መወርወሪያው አይላክም። እግር ለእጅ መንገድ ይከፍታል። ስምንት ዓመቴ ላይ በኩርኩም የተማርኩትን፣ አሳፍሮኝ የደበቅኩትን ነገር ነው ሴትዮዋ የምትነግረኝ። ከልጆችሽ መካከል የሸማኔ ቤት ልጅ ካለች እሷ ታሳያቸው። ከእኔ ይልቅ እሷ አሰልጣኝ ናት።

የአንገቱ ነገር ለፓኦላ አልገባትም። “ዘበኛውን ይፈሩታል?” አለች። ያከብሩታል ስላት “ታዲያ ምን ችግር አለው?” አለችኝ። ይህን የሚፈታው ጋሽ ካሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሰልፍ ላይ ተነቧል። ይህም እዚያው ይነበብ።

ይፍሩ


ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ይፍሩ

ጋሼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎ፤ ለሥላሴም እኔ በእርስዎ ፈንታ ሰላም ብያለሁ። ያለፈውን ሁሉ በቅደም ተከተል ልንገርዎ።

ደብዳቤዎ ሚያዝያ 14 ደረሰኝ፤ በማግሥቱ ለአቶ ሀብተሚካኤል ሰጠኋቸው። ቆመው አነበቡት፤ ከዚያ ተቀምጠው አነበቡት። ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ማኅተም አወጡና “ገቢ” ብለው መዘገቡት፣ ቁጥር ሰጡት፣ “ስፖርት፣ ልዩ ልዩ” የሚል ፋይል ውስጥ አስገቡት። “ሪፖርቱ ሄዷል መምህርት። ወረቀት ወደ ኋላ አይሄድም” አሉኝ። ሰልፍ ላይ አልተነበበም። ለመንኳቸው ብልዎ ደስ ባለኝ፤ ግን አንድ ጊዜ “ቢነበብስ?” ብዬ ከቢሮው ወጣሁ።

ለልጆቹ ግን ሜዳው ዳር አስቀምጬ ከኮፒው አነበብኩላቸው። የእርስዎን ስጨርስ የራሴን ጨመርኩ፤ ቪዲዮውን ጥር ላይ ማየቴን።

“ጥር ቲቸር?” አለች ሩሐማ።

“ጥር።”

ጣቶቿን ቆጠረች። “ሦስት ወር” አለች።  ከኋላ አንዷ “አሥራ አንድ ጊዜ ሳቱ?” ብላ ስትስቅ ሌሎቹ ተከተሏት፤ እግዜር ይስጣት።

ጋሽ ካሱ የአንገቱን ነገር ስነግራቸው መጀመሪያ ተቆጡ። “ታዲያ ልጆቹ ባለጌ ይሁኑልሽ?” አሉ። አድረው መጡና ሁሉንም አሰልፈው ቆቡን ከራሳቸው አውልቀው መረቁ፦ “የምወረውረውን ኳስ ሁሉ ከእጄ ሳይወጣ ሰጥቻችኋለሁ። የምትመታኝም ትባረክ። በእኔ ፊት አንገቷን የምትደፋ ካለች ግን እቀየማታለሁ።” በየኳሱ ልመርቅ ብለው ነበር፤ በዚያ አካሄድ ዓመቱ አይበቃንም ብዬ በአንድ ጊዜ አስጨረስኳቸው።

አሥር ቀን ያለ ኳስ ሠራን። የዶርዜ ልጅ የሆነችው ኖላዊት የአባቷን ሥራ መሬት ላይ ተቀምጣ በእግሯ አሳየቻቸው። ጋሽ ካሱ ባዶ ክንዳቸውን ሲያነሱ አሥራ አራቱ ወደ ኋላ ይደገፋሉ፤ “እግር!” ሲሉ ይረግጣሉ፤ ከዚያ ዳሌ፣ ከዚያ እጅ። የሚያልፍ ሰው ቆሞ ያየናል፤ አንዲት ሴት የመዝሙር ልምምድ መስሏት ከእኛ ጋር አጨበጨበች። ኳስ ስንጀምር ሩሐማ መጀመሪያ በጣም ቀደመች፤ ከዚያ ዘገየች፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ባቱና ኳሷ ተገናኙ። ድምፁ ከዚያ በፊት ከሰማሁት ሁሉ የተለየ ነበር።

ግንቦት 9 ሶዶ ሄድን። ለእያንዳንዷ ልጅ አሥር አሥር ኳስ ነው። የሚወረውሩት ፀጉራቸው የነጣ ረጅም ሰውዬ ነበሩ። ሩሐማ በመጀመሪያዎቹ አራት ዘገየች፤ እሳቸውን መርቁ የሚላቸው ማን አለ? ከአምስተኛዋ ጀምሮ ግን ቀና አለች። ከስድስቱ አምስቱን መታች፤ አንዷ ከአጥሩ ውጭ ወጣች።

የተመረጡት ልጆች አንዷ ሰባት፣ አንዷ ስምንት የመቱ ናቸው።

ሩሐማ አልተመረጠችም።

ከመራጮቹ አንዷ ጠርታ እንዲህ አለችኝ፦ “እግሯ ጥሩ ነው። በቅርብ የጀመረች ትመስላለች፤ ሦስት ወር ብትሠራ ኖሮ…” አዎ አልኳት። ጋሼ፣ “አዎ” ብቻ ነው ያልኩት፤ እዚህም ሦስቱን ወር የበላሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ወላይታን አልፈን ወደ ታች ስንወርድ፣ “ቲቸር፣ ለአባዬ አንቺ ትነግሪልኛለሽ?” አለችኝ።

ለመሄድ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። እሑድ ዕለት ላንቴ ሄድኩ። አቶ ጌዲዮን የሙዝ ቅጠል እየመለመለ ነበር። አለመመረጧን ሰምቷል። “ነግሬሽ አልነበር፣ ግንድ ናት” አለኝ ቀና ሳይል። የማይገባኝን ድፍረት አግኝቼ “ልጅህ ቁሚ ስላልናት ነው የቆመችው” አልኩትና ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። የሽሮ ሜዳው ላይ ስደርስ ገጀራውን መሬት ላይ ሰካ። ከዚያ የራሴን የጥር ነገር ነገርኩት።

“ሰውዬው ስንት ዓመቱ ነው?” አለ።

“ሃምሳ ስምንት።”

“በማያውቃት ልጅ ነገር ይህን ሁሉ በራሱ ላይ ጻፈ? አስገድደሽው ነው?”

“ጠይቄያቸው ነው።”

“ጠይቀሽው ብቻ።”

ተነስቶ ሁለት ሦስት ግንድ መለመለ። የሚመለመል አልነበረባቸውም። ሩሐማ ከቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች፤ እጇ ላይ የሞያሌው ሻንጣ ሳይሆን የስምንተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና መግቢያ ካርዷ ነበር፤ ፈተናው ሊጀመር ነው። አባቷ አያት፣ ካርዱንም አየው። ከዚያ ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣና ሞያሌ ደወለ።

በጋሞኛ ጀመረ፤ ከዚያ የእህቱ ባል ሳይወስደው አልቀረም ወደ አማርኛ ዞረ። “ልጅቷ አትመጣም… አይ፣ አልታመመችም… አይ፣ አልተመረጠችምም። ዘጠነኛ ትማራለች። እዚሁ… ማንም አላስቸገረኝ። በሰው ፊት ያልሆነችውን ብያታለሁ… እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።”

ዘጋው። ስልኩን ደረት ኪሱ መለሰው። ልጅቷን አላያትም፤ አልቻለም። ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እንዲህ ነው የሚባለው?” አለኝ።

“እንዲህ ነው” አልኩት። እርግጠኛ ሆኜ አይደለም፤ እኔም ገና ጀማሪ ነኝ። የፊታችን ሰኞ ጠዋት፣ የጥሩን ጥፋቴን በራሴ ስም የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ፣ ሰልፍ ላይ ይነበብ ልል አቶ ሀብተሚካኤል ቢሮ እገባለሁ።

ወገብዎን ይጠብቁ።
ልጅዎ ሊሻን